ያልተሣለው ዓይን

አስካለ ማርያም ከሰው ተጣልታ አታውቅም ይባላል። ይህን የሚሉት ዶሃ፣ አቡ ሃሙር በምትሠራበት ቪላ ያለው ሾፌርም፣ አርብ አርብ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟት ሴቶችም ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ በአፏ ተጣልታ አታውቅም። ሲያስከፏት «ምንም አይደል» ትላለች፤ ሲያመሰግኗትም «ምንም አይደል» ትላለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል የአገሯ ሰው። አስካለ ግን ጠላ አትቀምስም። የእሷን ሆድ የሚያወጣው ብሩሽ ነው።

ያደገችው ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ፣ አጎቷ መሪጌታ አንተነህ ቤት ነው። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥል ነበር። እሱ ሸራ ሲወጥርና ቀለም ሲበጠብጥ አስካለ ሙጫውን ታማስላለች፣ ብሩሹን ታጥባለች። በዚያ አገር ሴት ልጅ የመቅደስ ሥዕል ስትሥል ታይቶ ስለማይታወቅ ከዚህ በላይ ሥራ አልተሰጣትም። ማየትን ግን የሚከለክላት አልነበረም። እያጠበች አየች፤ እያየች ተማረች፤ ቆይታም የማድቤቱን ግድግዳ በከሰል ትሞነጫጭረው ጀመር። አጎቷ ዓይቶ እንዳላየ አለፈ።

ከተማረችው ሁሉ መጀመሪያ የገባት የዓይን ነገር ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ፊቱን ሙሉ ለሚያየው ሰው ይሰጣል። ይሁዳ ግን፣ ጌታን የገረፉትም፣ ሰይጣንም በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይተውላቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል።

መሪጌታ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ከሚስቱ ወይም ከጎረቤት የተጋጨ ዕለት ብሩሽ አይነካም። ምሳሩን አንሥቶ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል። አስካለ አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«የዓይን ነገር ፍርድ ነው» አላት። «ሆዱ የሻከረ ሰው ዓይን አይስጥ፤ ዓይንም አይንሣ።»

ዶሃ የመጣችው ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ነው። የገባችበት ቤት ትልቅ ነው፤ ማዳምና ባባ፣ ልጆቻቸው፣ ማማ ከቢራ የሚሏቸው የባባ እናትም አሉበት። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የምትረሳ ሰው ነበረች እንጂ። ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ አስካለና ሃጂራ። ሃጂራ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ በዕድሜም በሥራም አስካለን ትቀድማታለች። አገር ቤት እናቷ ዘንድ የተወቻት አሚና የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ሳቋ ቅርብ ነው፤ አፏም እንደዚሁ። አስካለ በመጣችበት ሰሞን ማጠቢያ ማሽኑን ማስነሣት አቅቷት ቆማ ስታያት፣ «ጸልየሽለት ከሆነ እሺ፤ ካልሆነ ግን ይቺን ቁልፍ ንኪያት» ያለቻት እሷ ናት። የሚያድሩት ጣሪያው ላይ፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ባለች ክፍል ነው።

የቤቱ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ የተረፈውን የውሃ ቀለማቸውን ይጥላሉ። አስካለ ያንን ትለቅማለች። የጣፋጭ ካርቶን ክዳን ሲገለበጥ ነጭ ነው፤ በዚያ ላይ ትሥላለች። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ የክፍሏ በር ጥላ ላይ ተቀምጣ ያየችውን ታሠፍራለች፤ አትክልተኛውን፣ ውሃ የሚያመላልሰውን ሾፌር፣ ማማ ከቢራን በተሽከርካሪ ወንበራቸው፣ የጎረቤቱን ድመት። ሁሉም ሁለት ዓይን አላቸው፤ ድመቷም ሳትቀር። አገሩ ናፍቆት ያለቀሰውን አትክልተኛ ስትሥል እሷ ያላለቀሰችውን ጭምር ታስገባበታለች። ከሣለችም በኋላ ይቀልላታል። ሃጂራ «ሠዓሊዋ» ትላታለች። «የኛ ሠዓሊ፣ ድንቹን መቼ ነው የምትልጪው?»

በ2011 ዓ.ም. የስቅለት አርብ የሆነው እንዲህ ነው። የአርብ እረፍት ተራው የአስካለ ነበር። ለማዳም ቀደም ብላ ነግራት «ኢንሻአላህ» ተብላለች። ነጠላዋን አጥባ፣ አጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ አዘጋጅታለች። ከጣሪያው ላይ ሆና ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከታክሲ እየወረዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሲያቀኑ አይታለች። ደረጃውን ወርዳ ማድቤት ስትደርስ ማዳም በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ልጆቹን ይዛ ወደ ገበያው፣ ሱቅ ዋቂፍ፣ መሄዷ ነው፤ ከሁለቱ ሠራተኞች አንዷ አብራት ትምጣ፤ ሌላዋ ከማማ ከቢራ ጋር ትቅር።

አስካለ አፏን ከፈተች። ቃል ግን አልወጣትም። ሃጂራ ዓባያዋን ከሚስማሩ ላይ አነሣችና «ያላ፣ እንሂድ» ብላ ከልጆቹ ጋር ወጣች። መኪናው ሲነሣ አስካለ ፌስታሏን እንደያዘች ነበር።

ያን ቀን ሙሉ ሰዎች ሲሰግዱ እሷ የማማ ከቢራን እግር አሸች፤ ሾርባ አጎረሰች።  ማዳምን አልከሰሰቻትም፤ ማዳም ማዳም ናት፤ ምን ይባላል። የከሰሰችው ሃጂራን ነው። «አውቃ ነው» አለች በልቧ። «ለሽርሽር ስትቸኩል የኔን ስቅለት ረገጠችው።»

ሃጂራ ሲመሽ ተመለሰች። ከሱቁ አንድ ቀጭን ብሩሽ ገዝታላት ነበር፤ እውነተኛ ጠጉር ያለው፣ እጀታው ጥቁር። «የሚሥሉ ሰዎች ተቀምጠው አየሁና አንቺ ትዝ አልሽኝ» ብላ ጭኗ ላይ አኖረችላት። አስካለ «ምንም አይደል» አለች።

በማግስቱ ቀዳም ሥዑር ነው። ከአርብ ጀምራ እህል አልቀመሰችም። ቤቱ ሲተኛ በሩ ጥላ ላይ ተቀመጠች፤ የአጎቷ ነገር ትዝ ብሏት ነበር። «ይኼ የመቅደስ ሥዕል አይደለም፤ የጣፋጭ ካርቶን ነው» ብላ ለራሷ መለሰች። አዲሱን ብሩሽ በውሃ ነክራ ሃጂራን ሣለቻት። ዓባያዋን ለብሳ፣ አረንጓዴ ሻርፗን ጣል አድርጋ፣ እየሄደች። በጎን። አንዲቱን ዓይን አሠፈረችና ብሩሹን አነሣች። ሌላውን ዓይን ነሣቻት።

ሲያልቅ እንደ ሌላው ቀን አልቀለላትም። ካርቶኑን ከፍራሹ ሥር ከታ ወደ ሥራዋ ወረደች።

ሃጂራ ሥዕሉን ያገኘችው ከሳምንታት በኋላ አንሶላ ስትቀይር ነው። አስካለ ከታች ልብስ ተሸክማ ስትገባ ካርቶኑን በእጇ ይዛ አገኘቻት። 

«ይኼ እኔ ነኝ?» አለች ሃጂራ። «ሻርፔን አየሁት እኮ። ጉትቻዬንም። ወላሂ እኔ ነኝ።»

አስካለ የሚመጣባትን ጠበቀች። ሃጂራ ሥዕሉን ከፊቷ አራቀችው፤ አቀረበችው።

«ሌሎቹን ሁሉ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ገትረሻቸዋል። እኔን ግን መንገድ ላይ አደረግሽኝ። የምሄድ እመስላለሁ። ወዴት ነው የምሄደው?»

«እንጃ።»

«ወደ ቤቴ ነዋ» አለች ሃጂራ፤ ደረቷ ላይ አስደግፋው።

አስካለ ሥዕሉ እንዳላማረ፣ ሌላ የተሻለ እንደምትሠራላት ነገረቻት፤ እጇንም ዘረጋች። ሃጂራ ወደ ኋላ ሸሸች። ከተወለደች ጀምሮ የሣላት ሰው እንደሌለ፣ ሥዕሉን ወደ አገሯ እንደምትልከው፣ ኸላስ፣ በቃ፣ የሷ መሆኑን ተናገረች። በክረምቱ ለእረፍት የምትሄድ የቡታጅራ ሴት ተገኘችና ካርቶኑ በሁለት ፎጣ መሀል ተጠቅልሎ ሄደ።

እማማ ሰዒዳ፣ የሃጂራ እናት፣ ሥዕሉን ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በሰላት ሰዓት በሻሽ ይሸፍኑታል፤ ሲጨርሱ ይገልጡታል። ሃጂራ በስልክ በምስል ስትደውል ከእናቷ ትከሻ ኋላ ይታያል። «ያቻትና፣ ያቻትና!» እያለች ለአስካለ ታሳያታለች። አስካለ ወደ ስልኩ ዘንበል ትልና ቶሎ ቀና ትላለች።

በመከር አንድ ቀን አሚና ስልኩን ከአያቷ እጅ ወሰደችና እናቷን ጠየቀቻት። አስካለ እዚያው ክፍል ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ሌላው ዓይንሽ የት ሄደ?»

ሃጂራ ሳቀች። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ሁለቱንም ዓይኖቿን አርገበገበችላት። ልጅቷ አላመነችም። ለካ ከአረብ አገር ተጎድተው የሚመለሱ ሴቶች ወሬ ሰፈሩ ውስጥ ሲወራ ሰምታለች፤ ሥዕሉን ካየች ጀምሮ «እናቴ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ የሚደብቁኝ እንዳላለቅስ ነው» ብላ ይዛዋለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሃጂራ ብዙ አባበለቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ራሷ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ሠዓሊዋ፣ ልጄን አስለቀስሻት» አለች፤ አነጋገሯ የጨዋታ ነው።

አስካለ ያጠፈችውን ልብስ እንደያዘች ወጥታ ከማሽኑ አጠገብ ቆመች። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል።  «እኔ በሃጂራ ላይ የፈረድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርዱ የደረሰው ለልጇ ነው» አለች በልቧ። የሰው ልጅ ያፈረ ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል ይባላል። አስካለ የተመኘችው ያንን ካርቶን ብቻ ነበር፤ መልሳ በእጇ አስገብታ እንድትቀደው።

ሌላ ልትሥል ተነሣች። መልካም ሥዕል ብትልክ ያኛው ይወርዳል ብላ አሰበች። ሙሉ ፊት ለመሣል ግን ሰውየውን ፊት ለፊት ማየት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጊዜ አብረው ሲኖሩ ያላስተዋለችው ነገር ያን ጊዜ ታወቃት፤ ሃጂራን ማየት አቅቷታል። ሃጂራ ስታወራት ጣቷን ታያለች፣ ሻርፗን ታያለች፣ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ዓይኗ ከዓይኗ ሲገጥም ትሰብረዋለች። ከትዝታዋ ሞከረች። አንዴ የማታውቃት ሴት ወጣች፤ አንዴ አጎቷ የሚሥላትን እመቤታችንን የመሰለች ሴት ወጣች። ሁሉንም ቀደደቻቸው።

ኮሮና ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፤ የቪላውም በር ተዘጋ። አርብ የሚባል ቀን ጠፋ። ሁለቱ ሴቶች በአንዲት ክፍል ውስጥ ከበፊቱ ይልቅ ተጠጋጉ። በዚያው ክረምት የመሪጌታ አንተነህ መርዶ መጣ። ኮሮና አልነበረም፤ ልቡ ነው ተባለ። አውሮፕላን የለም፤ ቢኖርም ማን ፈቅዶ። አስካለ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ማድቤት ልትወርድ ስትል ሃጂራ ከልክላ ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፈችላት። ማዳም ዘንድ ወርዳ አባቷ ሞቷል አለቻት። ያሳደገ አባት ነው፤ አልዋሸችም። የአስካለን ሥራ ከራሷ ላይ ደርባ ሠራች፤ በመሀል በመሀል እየወጣች አጠገቧ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ለብቻዋ ልቅሶ እንዳትቀመጥ በየጎረቤት ቪላ ያሉትን ያገሯን ሴቶች በስልክ እየጠራች ታስለቅስላታለች።

ሁለተኛው ቀን ላይ ሃጂራ እንዲህ አለች፤

«አላህ ይዘንለት። ያንቺን እጅ ባያስተምረው ኖሮ የኔ መልክ እናቴ ቤት አይገባም ነበር።»

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሃጂራ የሐዘን ለቅሶ መስሏት ጀርባዋን አሸችላት። ሐዘንም ነበር፤ ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላው ነገር እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። የሞተው ሰው «ዓይን አይንሣ» ያለው ሰው ነው። ያስተማራትን ጥበብ ለምን እንዳዋለችው ሳያውቅ ሄደ። ምናልባትም አሁን ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት አስካለ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ዘንድ ቀርባ ነገሩን ተናዘዘች። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አልጠየቋትም።

«እኔ ጋ መምጣትሽ መልካም ነው» አሏት። «የተበደለችው ግን እኔ አይደለሁም፤ ልጄ።»

እሺ ብላ ወጣች። ታክሲው ውስጥ እንዴት ብላ እንደምትጀምር ስታሰላስል ቤት ደረሰች። ሃጂራ በሩን ስትከፍትላት፣ «ለኔም ጸለይሽልኝ?» አለቻት። አስካለ «አዎ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሳምንቱም ወሩም እንደዚሁ አለፈ።

በ2013 የዓረፋ በዓል ዕለት ሃጂራ ደወለች። ቤቱ ደምቋል፤ አሚና አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። እማማ ሰዒዳ ከተለመደው ቦታቸው ተቀምጠዋል። ከትከሻቸው ኋላ ግን ሚስማር ብቻ ነበር። አስካለ አየችው። ሃጂራም ዓይኗ እዚያ ላይ አንድ አፍታ ቆሞ እንደተመለሰ አስካለ ልብ አለች። ሥዕሉ የት ሄደ ብላ ግን ሃጂራ አልጠየቀችም፤ ቢያንስ አስካለ እየሰማች አልጠየቀችም።

ከዚያ ቀን በኋላ የአስካለ ኑሮ ሰውን ማጥናት ሆነ። ታውቃለች? አታውቅም? ሃጂራ እንደ ድሮዋ ናት። ሻይ ስታፈላ ለሁለት ታፈላለች። ማማ ከቢራ ሲያቃስቱ ቀድማ ትነሣለች። ትቀልዳለች፤ ሾፌሩን ታሾፍበታለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ «ሠዓሊዋ» ማለት። «አስካለ» ትላለች፤ «አስካለ፣ ድንቹን ላጥሽ?» ይህች ትንሽ ነገር እንቅልፍ ነሣቻት። ብትሰደብ፣ ብትመታም በተሻላት ነበር። «እያወቀች እንዲህ ከሆነች፣ ደግነቷን ይዤ ምን ልሆን ነው?» ትላለች በልቧ። ብሩሽ መንካት አቆመች። ልጆቹ የጣሉትን ቀለም ጠርጋ ከቆሻሻው ጋር ማውጣት ጀመረች።

የዓለም ዋንጫ ሊመጣ ከተማው ሁሉ ሲቆፈርና ሲቀባ በከረመበት ዓመት ሃጂራ ኮንትራቷን ጨርሳ ልትሄድ ሆነ። አሚና አድጋለች፤ ከእንግዲህ በስልክ አላሳድጋትም አለች። ሻንጣዋ ክፍሉ መሀል ተከፍቶ ሰነበተ። ልትሄድ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲተኛ፣ ሃጂራ ከማስጫው አጠገብ ልብሱ ደርቆ እስኪወርድ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር። አስካለ መጥታ ቆመች። አሁን ካልተናገረች ዕድሜ ልኳን ይዛው እንደምትኖር አወቀች።

«ያ ሥዕል» አለች።

ሃጂራ ቀና አላለችም። እጇ ላይ ያለውን መቆንጠጫ ታገላብጣለች።

«ያንን ሥዕል በክፋት ነው የሣልኩት። እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን…»

«አውቃለሁ» አለች ሃጂራ።



ሃጂራ ቀስ ብላ ነገረቻት። ቤተ ክርስቲያን ሳሚዋ ጎረቤታቸው እትዬ አዳነች ዓረፋን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ገብተው ሥዕሉን አዩ። ምንም አላሉም ነበር። አሚና ናት ይዛ የጠየቀቻቸው፤ እትዬ፣ የእናቴን አንድ ዓይን ለምን ሳይሥሉት ተዉት ብላ። ሴትዮዋ ልጅቷን በዘዴ አሳልፈው እማማ ሰዒዳን ጓሮ ወስደው የአንድ ዓይን ሥዕል ትርጉሙን ነገሯቸው። እማማ ሰዒዳ ሥዕሉን አወረዱት፤ ግድግዳው ሊለሰን ነው አሉ። ለሃጂራ ያወሩላት በኋላ ነው፤ ይህችን ሴት ምን አድርገሻት ነው ብለው።

«እኔም ያንኑ ሳስብ ከረምኩ» አለች ሃጂራ። «ምን አድርጌያት ነው ብዬ። ሰርቄሽ እንደሆነ፣ አምቼሽ እንደሆነ። ያልፈተሽኩት ቀን የለም። አጣሁት። ምን አድርጌሽ ነበር?»

አስካለ ይህንን አላሰበችም። በደሏን ለመናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ምክንያቱን ለመናገር ግን አልተዘጋጀችም። በልቧ ውስጥ ያን ያህል ገዝፎ የኖረው ነገር አፏ ላይ ሲመጣ አነሰባት። 

«ስቅለት ዕለት» አለች። «ከልጆቹ ጋር ሱቅ ዋቂፍ ሄድሽ። ተራው የኔ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ይዤ…»

ሃጂራ መቆንጠጫውን ጭኗ ላይ አኖረችው። ለማስታወስ ስትሞክር ይታያል። ከዚያ አስታወሰች።

«ለዚህ?»

አስካለ አንገቷን ደፋች።

«ስቅለት መሆኑን አላወቅኩም» አለች ሃጂራ። «እዚህ የአገሩን ወር ማን ይቆጥራል። ፌስታልሽን አይቼዋለሁ፤ የሚታጠብ ልብስ መስሎኝ ነበር። ብትነግሪኝ እኮ እቀር ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፤ አስካለ። ተራው ያንቺ መሆኑን ለማዳም ነግሬ ማማ ከቢራን እኔ እይዛቸው ነበር። አንቺ ግን አትናገሪም፤ ትሥያለሽ እንጂ።»

ከታች የማማ ከቢራ ሳል ተሰማ።

«እኔስ ይሁን» አለች ሃጂራ። «ልጄ ግን ስልኩ ላይ በጣቷ ዓይኔን ትነካካው ነበር። አንዱን ነክታ ሌላውን ትነካለች። እኔ እየሳቅኩ አስነካታለሁ። ያ ሳቄ ነው የሚያናድደኝ።»

አስካለ ተንበርክካ እግሯን ልትይዝ ጎንበስ አለች። ሃጂራ በእጇ ከለከለቻት፤ አልገፋቻትም፣ አላነሣቻትምም።

«ተይው እሱን። እኔ ታቦት አይደለሁም። ቀለም አለሽ?»

«ጥዬዋለሁ።»

«ልጆቹ ዘንድ አይጠፋም። አምጪ።»

አስካለ ወርዳ ከልጆቹ መጫወቻ ክፍል ያለቀ የመሰለ የቀለም ሳጥንና አንድ የልጅ ብሩሽ ይዛ ተመለሰች። ካርቶን አልነበረም፤ የሸሚዝ ማጠፊያ ወፍራም ወረቀት አገኘች። ሃጂራ ባልዲው ላይ ተስተካክላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሻርፗን ወደ ኋላ ገፍታ ግንባሯን ገልጣለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ፊቷ ፊት ለፊት ነው።

«ሣዪኝ» አለች። «ልብስ ማውረድ ስላለብኝ ቶሎ በይ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። አስካለም እንድትላት መጠየቅ አልደፈረችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ ብሩሹን ነከረች።  ቀና ብላ አየቻት። የሃጂራ ዓይኖች እሷኑ እያዩ ነው፤ አይቆጡም፣ አይስቁም፤ ዝም ብለው ያያሉ። በአንዱ ሥር ያላወቀቻት ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት አላየቻትም። አስካለ ዓይኗን ሰበረች፤ ወደ ወረቀቱ ወረደች።

«እዚህ ነኝ» አለች ሃጂራ።

እንደገና ቀና አለች።